የሌት ማረፊያው ሽማግሌ፤ ማርኪዝ ኦራዚዮ አንቲኖሪ

ባለፈው ጥቅምት አራት ጓደኛሞች ሆነን ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ወረድን። አራታችንም ዲግሪ የያዝን ነን፤ ሁለታችን የመንግሥት ሠራተኞች ነን። ከአሮጌው ቤተ መንግሥት ኰረብታ በታች በእግር ስንጓዝ፣ ከፊት ይሄድ የነበረው ጓደኛችን ድንገት ጮኾ ወደ ኋላ ዘለለ። እኛም ምን እንዳየ ሳንጠይቅ አብረነው ዘለልን። በቊጥቋጦው ቅርንጫፍ ላይ አንዲት እስስት አንድ ዐይኗን ወደ እኛ፣ ሁለተኛውን ወደ ገደሉ አዙራ፣ እግሯን ቀስ እያለች ታነሣለች። ከመካከላችን አንዱ ድንጋይ አነሣ። መንገድ ይመራን የነበረው እረኛ ልጅ ግን ሳቀብንና እንድንተዋት ነገረን።

ከዚያ ሥፍራ ብዙም ሳይርቅ፣ ሌት ማረፊያ በሚባለው ቦታ፣ እንዲህ ያሉትን ፍጥረቶች ለመሰብሰብና ለመመርመር ባሕር ተሻግሮ የመጣ አንድ ሰው ተቀብሮ ይገኛል። ስሙ ማርኪዝ ኦራዚዮ አንቲኖሪ ይባላል። የእስስቷ ነገር ስላሳፈረኝ የዚህን ሰው ታሪክ ፈልጌ አነበብሁ፤ ለአንባቢም እነሆ። ዓመቶቹ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አንቲኖሪ በኢጣልያ አገር በፔሩጂያ ከተማ በ1811 ከመሳፍንት ወገን ተወለደ። የመሳፍንት ልጅ ቢሆንም የሳበው የአደንና የወፍ ነገር ነበር። ቆዳ ገፎ፣ አድርቆና ሞልቶ እንስሳውን በሕይወት እንዳለ አስመስሎ ማቆም ያውቅበታል። በ1849 የሮማን ሬፑብሊክ ለመከላከል ከተሰለፉት ጋር ተዋጋ፤ ሬፑብሊኩ ሲወድቅም ተሰደደ። በስደት በግሪክና በቱርክ አገር ኖረ። ከዚያም ወደ ግብጽና ወደ ሱዳን ወረደ፤ ከፒያጂያ ጋር ሆኖ እስከ ባሕር ኤል ጋዛል ዘለቀ። በ1867 የኢጣልያ ጂኦግራፊ ማኅበር ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ሆነ። በ1870 ደግሞ ከሁለት ሊቃውንት ጋር ወደ ቦጎስ፣ ማለት ወደ ከረን አካባቢ፣ ተጓዘ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ የምናገረው አለኝ። ሌላ ሰው ጡረታ በሚያስብበት ዕድሜ፣ በ64 ዓመቱ፣ በ1876 ከኢጣልያ ተነሥቶ በዘይላ በኩል ወደ ሸዋ መጣ። ያ መንገድ በረሓ ነው። ግመል ይዞ ሳምንት በሳምንት እየቈጠረ፣ የአዋሽን ውሃ ተሻግሮ፣ ከቈላው ወደ ደጋ የሚወጣበት ነው። አዋሽ አዞ አለበት። በቈላው ድንጋይ መካከልም እፉኝት ይተኛል። እፉኝት እንደ ሌሎቹ እባቦች ኮቴ ሲሰማ አይሸሽም፤ መልኩ ከአፈሩና ከደረቅ ቅጠሉ ጋር ስለሚመሳሰል በዚያ ተማምኖ ጸጥ ይላል። ስለዚህም ብዙ ጊዜ ሰው የሚያገኘው ሳያየው ሲረግጠው ነው።

በጥቅምት ወር በደብረ ብርሃን አጠገብ በልቼ ወደነበረው ወደ ንጉሥ ምኒልክ ከተማ ደረሰ። ሸዋ እንዲህ ያለ እንግዳ ስትቀበል የመጀመሪያዋ አልነበረም፤ ከ35 ዓመት በፊት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ አንኮበር የመጣው የእንግሊዙ የካፒቴን ሃሪስ መልእክት ሮት የሚባል የተፈጥሮ መርማሪ ይዞ ነበር። አንቲኖሪ ግን ለመኖር መጣ። ንጉሥ ምኒልክም በአንኮበር አጠገብ ሌት ማረፊያን ሰጡት።

ዳሩ ግን ገና እንደ መጣ በአደን ላይ ሳለ ጠመንጃው ፈንድቶ ቀኝ እጁን አቈሰለው፤ እጁም ዳግመኛ እንደ ቀድሞው አልሆነለትም። ቆዳ ለመግፈፍና ለመስፋት ቀኝ እጅ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የሚያውቅ፣ ይህ አደጋ ለእርሱ ምን እንደ ነበረ ይገምታል። ሥራውን ግን አልተወም።

የዚያ ሥራ ጠባይ እንዲህ ነው። ወፍ በቆዳው ይደርቃል፤ እባብ፣ እንሽላሊትና እስስት ግን በአልኮል ጠርሙስ ውስጥ ይነከራሉ። ተሳቢ እንስሳ ደሙን የሚያሞቀው በፀሐይ ነው፤ ስለዚህ በአንኮበር ብርድ ፈላጊው ማለዳ ቢነሣ ምንም አያገኝም። ፀሐይ ድንጋዩን ካሞቀች በኋላ ግን እንሽላሊቱ ይወጣል። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው የደጋ አፋፍ እስከ አፋር ቈላ ድረስ አገሩ በጥቂት ሰዓት መንገድ ስለሚለዋወጥ፣ ፍጥረቱም አብሮ ይለዋወጣል። ጠርሙሱ በበቅሎ፣ ከዚያም በግመል ወደ ባሕር ይወርዳል፤ ከባሕርም ጃኮሞ ዶሪያ ወዳቋቋመው ወደ ጄኖቫ ሙዚየም ይሻገራል። በአልኮል ውስጥ የእስስት አረንጓዴ መልክ ይጠፋል። እስስት መልኳን የምትለውጠው እንደ ሙቀቱ፣ እንደ ብርሃኑና እንደ ስሜቷ ነው፤ ተለዋዋጭ ሰው ለመስደብ ስሟን የምናነሣባት ፍጥረት በጠርሙስ ውስጥ ለዘለዓለም አንድ መልክ ይዛ ትቀራለች።

ከሌት ማረፊያ የተላኩትን ወፎች ሳልቫዶሪ የተባለ ሊቅ መርምሮ በ1884 መጽሐፍ አወጣ፤ አንዲቱን የወንጭፊት ዓይነት ወፍ በአንቲኖሪ ስም ሰየማት። ከአንቲኖሪ በኋላ ጣቢያውን የያዘው የባሕር ኃይል ሐኪም ራጋዚም ተሳቢዎችንና እንቁራሪቶችን ሰበሰበ። በ1890 አንድ እንሽላሊት፣ በ1896 ደግሞ የሸዋ የዛፍ እንቁራሪት በስሙ ተሰየሙ። እንሽላሊቱን ከድንጋይ ሥር፣ እንቁራሪቱን ከቅጠል ላይ ማን አሳያቸው? መቼም የአገሩ እረኛ ሳይመራ እንግዳ ሰው በዚያ ገደል ብዙ አያገኝም፤ የእረኛው ስም ግን በእንሽላሊት ላይ አልተጻፈም።

የጓደኞቹ ነገር አሳዛኝ ነው። ኪያሪኒና ቼኪ በ1878 ወደ ከፋ አቅጣጫ ሄደው፣ ኪያሪኒ በጌራ በ1879 ሞተ፤ ቼኪም ታስሮ ቈይቶ በጐጃሙ ራስ አዳል፣ በኋላ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በተባሉት፣ አማካይነት ተለቀቀ። አንቲኖሪ ሌት ማረፊያ ቀረ። በነሐሴ 21 ቀን 1874 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር በ70 ዓመቱ እዚያው ዐረፈ፤ እዚያውም ተቀበረ።

ይህን ሳነብ አንድ ነገር ያስጨነቀኝን አልደብቅም። ከእርሱ በኋላ የጂኦግራፊ ጣቢያ የተባለው ቤት የወፍና የእባብ ቤት ብቻ ሆኖ አልቀረም። በ1879 ሸዋ የገባው ኮንት አንቶኔሊ መሣሪያ ያቀረበና በ1889 የውጫሌን ውል የተዋዋለ ሰው ነው። የውሉ 17ኛ አንቀጽ ምን እንዳመጣ በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ታየ፤ ጣቢያውም በጦርነቱ ተዘጋ። እንግዲህ አንቲኖሪ ሊቅ ነበር ወይስ መንገድ ጠራጊ? ጓደኞቼ ሁለተኛው ነው ብለው ተከራከሩኝ። እኔ ግን ሁለቱንም በአንድ ሰው ላይ አየሁ። ጠርሙሱን የሞላው በእውነተኛ ፍቅር ነው፤ ጠርሙሱ የሄደበት መንገድ ግን ለሌላም ጭነት የተከፈተ ነበር።

ዛሬ በኢትዮጵያ ከ200 የሚበልጡ የተሳቢ ዓይነቶች መኖራቸው ታውቋል። ብዙዎቹም የተመዘገቡት በባዕድ ሊቃውንት ነው። ሌት ማረፊያ ያሉት ሰዎች እነዚያን ሁሉ ዓመታት ቢቀመጡም፣ በአንኮበር ገደል ላይ የምትኖረውን ትንሽ ወፍ፣ የአንኮበር ሴሪን የምትባለውን፣ አልመዘገቧትም። እርሷ በ1979 ገና ስም አገኘች።

ልጁ እንድንተዋት የነገረን እስስት ከቅርንጫፉ ወደ ቅጠሉ ውስጥ ስትገባ ቆመን አየን። ከዚያ በኋላ ድንጋዩን የያዘው ጓደኛችን ጣለውና ወደ ሌት ማረፊያ የሚወስደው መንገድ በየት በኩል እንደሆነ ልጁን ጠየቀው።