ከርቲስ ማርበትና በምደባቸው ቦታ ያጣው ጠጠራማ የተራራ አፈር

በተራራማ የግጦሽ መሬት ላይ የአፈር ጉድጓድ ያስቆፈረ ተመራማሪ የሚያውቀው ችግር አለ። ዶማው ገና አንድ ክንድ ሳይወርድ ጠጠርና ኮረት ይገጥመዋል፤ በድንጋዩ መካከል ያለው ደቃቅ አፈር ግን ጥቁር፣ የሣር ሥር የበዛበትና ለም ነው። ይህ አፈር በየትኛው መደብ ይግባ? የአሜሪካን የአፈር ምደባ በአዲስ መሠረት ላይ ያቆሙት ከርቲስ ፍሌቸር ማርበት ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ ከሥራዎቻቸው ሁሉ ደካማው ነበር ቢባል የተጋነነ አይሆንም። ድካሙ የመነጨው ግን ከዋናው ሐሳባቸው ስለሆነ፣ ሕይወታቸውን ከዚህ አቅጣጫ መመልከት ይጠቅማል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማርበት በ1863 ዓ.ም. በሚዙሪ ግዛት ደቡብ ምዕራብ፣ ባሪ በሚባል አውራጃ ተወለዱ። አካባቢው የኦዛርክ ደጋ አካል ነው። የኦዛርክ አለት በአብዛኛው ባልጩት የተሰገሰገበት የኖራ ድንጋይ ሲሆን፣ ኖራው በዝናብ እየሟሟ ሲሄድ የማይሟሟው ባልጩት ተሰባብሮ በአፈሩ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ልጁ ያደገው ጠጠር በሞላበት ምድር ነው። በሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ተምረው በ1889 ተመረቁ፤ በግዛቲቱ የጂኦሎጂ ቅየሳ ጥቂት ዓመታት ከሠሩ በኋላም ወደ ሃርቫርድ ሄደው በዊልያም ሞሪስ ዴቪስ ሥር የመሬት ገጽታ ጥናት ተከታተሉ። ከዚያ ተመልሰው እስከ 1910 ድረስ በሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ።

የዴቪስ ትምህርት እዚህ ላይ ቆም ተብሎ ሊታይ ይገባል። ዴቪስ የመሬት ገጽታ እንደ ሕያው ፍጡር ወጣትነት፣ ጉልምስናና እርጅና አለው ብለው ያስተምሩ ነበር፤ ወንዝና ሸለቆ፣ ተራራና ሜዳ በዚህ ዑደት ውስጥ በየዕድሜያቸው ይመደባሉ። ማርበት ከብዙ ዓመታት በኋላ ስለ አፈር ሲጽፉ ይህ የዕድሜ አስተሳሰብ አብሯቸው ነበር። የጎለመሰ አፈር የሚለው ጽንሰ ሐሳባቸው ከሩሲያውያን ብቻ የተወሰደ እንደሆነ አድርገው የሚያስተምሩ መጻሕፍት የሃርቫርዱን መምህር ድርሻ የዘነጉ ይመስለኛል።

በ1910 በሚልተን ዊትኒ ይመራ ወደነበረው የፌዴራሉ መንግሥት የአፈር ቢሮ ገቡ፤ ብዙም ሳይቆዩ የአፈር ቅየሳው ኃላፊ ሆኑ። በዚያ ዘመን የአሜሪካ አፈር የሚከፋፈለው በዋናነት ከሥሩ ባለው አለትና በቅንጣቱ መጠን ነበር። ማርበትም ራሳቸው ጂኦሎጂስት ስለነበሩ ይህን አሠራር ለመቀበል አልተቸገሩም፤ በ1913 የወጣው የቢሮው ሰፊ ዘገባ የአገሪቱን አፈር በጂኦሎጂ ክልሎች ከፋፍሎ የሚያቀርብ ነው።

ሐሳባቸውን ያስለወጣቸው መጽሐፍ ነው። ሩሲያዊው ኮንስታንቲን ግሊንካ የዶኩቻየቭን ትምህርት በጀርመንኛ አሳጥረው በ1914 አሳትመው ነበር። የመጽሐፉ ፍሬ ነገር አፈር የተሰባበረ አለት ብቻ ሳይሆን፣ የአየር ንብረት፣ የዕፅዋት፣ የመሬት ገጽታና የጊዜ ውጤት የሆነ ራሱን የቻለ የተፈጥሮ አካል ነው የሚል ነው። ማርበት ዕድሜያቸው ሃምሳን ካለፈ በኋላ ይህን አንብበው የቆሙበትን መሠረት ለቀቁ፤ መጽሐፉንም ራሳቸው ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመው በ1927 አሳተሙት። በዚያው ዓመት የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የአፈር ሳይንስ ጉባኤ በዋሽንግተን ተካሄደ፤ ግሊንካም ተገኝተው ነበር። ከጉባኤው በኋላ ተሳታፊዎቹ በባቡር አህጉሩን ሲያቋርጡ በየመንገዱ የተቆፈሩ ጉድጓዶችን ተመለከቱ።

አዲሱ ሥርዓት አፈር በራሱ ባሕርያት ማለትም በንብርብሮቹ ብዛት፣ ቀለም፣ ውፍረት፣ አወቃቀርና ኬሚካዊ ይዘት እንዲመደብ የሚጠይቅ ነበር። በላይኛው ደረጃ ላይ ሁለት ታላላቅ ክፍሎች ተቀመጡ፤ እርጥበት ባለበት ምሥራቅ አሉሚኒየምና ብረት የሚጠራቀምበት ፔዳልፈር፣ በደረቁ ምዕራብ ደግሞ ኖራ የሚጠራቀምበት ፔዶካል። ምደባው ግን የተገነባው በጎለመሰው አፈር ላይ ነው። የጎለመሰ አፈር የሚገኘው ደግሞ ለስላሳ ተዳፋት ባለው፣ ውኃ በማይተኛበትና መሸርሸሩ ዝግ ባለበት ቦታ ነው። ገደላማ ተራራ ላይ ንብርብር ከመፈጠሩ በፊት ጎርፍ ስለሚጠርገው፣ በዚህ አስተሳሰብ ጭንጫው ሁሉ ገና ያልበሰለ፣ ከምደባው ደጃፍ የቀረ ሆነ። የዚያ ዘመን ቀያሾችም እንዲህ ያለውን ቦታ በካርታቸው ላይ ብዙ ጊዜ ወጣ ገባ ድንጋያማ መሬት ብለው አልፈውታል። ስሙ የመሬቱን አስቸጋሪነት ይናገራል፤ ስለ አፈሩ ግን ምንም አይልም።

ጉዳቱ የስም ብቻ አልነበረም። በ1934 የወጣው የቴይለር የግጦሽ ሕግ የምዕራቡን ሰፊ የመንግሥት መሬት በፈቃድ የሚተዳደር የግጦሽ ይዞታ ሲያደርገው፣ በአንድ ተዳፋት ላይ ስንት ከብት ይሰማራ የሚለው የአስተዳደር ጥያቄ ሆነ። መልሱ ያለው በአፈሩ ውስጥ ነው። ሃምሳ ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለውና ደቃቁ አፈር ከመጠኑ 15 በመቶ ያህል ለዕፅዋት የሚጠቅም ውኃ የሚይዝ ቢሆን፣ ከጠጠር ነፃ ከሆነ 7.5 ሳንቲ ሜትር ውኃ ያከማቻል፤ ግማሹ ጠጠር ከሆነ ግን 3.75 ብቻ። ሣሩ በበጋ የሚቆይበት ጊዜም በዚያው ልክ ያጥራል። በሌላ በኩል በገጽ ላይ ያለው ጠጠር የዝናብ ጠብታን እየመከተ አፈሩን ከመታጠብ ያድናል። የካርቦን መጠንም እንዲሁ አሳሳች ነው፤ በቤተ ሙከራ የሚመረመረው ከ2 ሚሊ ሜትር በታች ያለው ደቃቅ አፈር ብቻ ስለሆነ፣ የጠጠሩ ድርሻ ካልተቀነሰ የሚወጣው አኃዝ መሬቱን ከሚገባው በላይ ሀብታም ያደርገዋል። ይህ ስህተት ዛሬም በመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ ይታያል።

ማርበት ግን ከጠረጴዛቸው የማይነሱ ሰው አልነበሩም። ከ1923 እስከ 1924 የጎማ ዛፍ የሚበቅልበትን ምድር ለማጥናት በተላከው ጉዞ አማዞንን አይተዋል። በ1923 ደግሞ ከዕፅዋት ተመራማሪው ሆመር ሻንዝ ጋር የአፍሪካን ዕፅዋትና አፈር የሚገልጽ መጽሐፍ ከካርታ ጋር አሳተሙ። አፍሪካን የተጓዙት ሻንዝ ነበሩ፤ የማርበት ድርሻ ከመጡላቸው ናሙናዎችና ከጽሑፎች የአህጉሩን አፈር ማስቀመጥ ነበር። አገራችንም በዚያ ካርታ ውስጥ አለች። ከአየር ንብረትና ከዕፅዋት ተነሥቶ አፈርን መተንበይ በሰፊ ሜዳ ላይ ያስኬዳል፤ በአንድ ቀን መንገድ ከቆላ ወደ ውርጭ በሚወጣበት አገር ግን በዚያ ስፋት የተሠራ ካርታ ብዙ ነገር መሰወሩ አይቀርም።

በ1935 ሁለት ነገሮች ገጠሙ። የዕድሜ ልክ ሥራቸው የሆነው የዩናይትድ ስቴትስ አፈር በአሜሪካ የግብርና አትላስ ውስጥ ታተመ። እርሳቸውም በኦክስፎርድ በተካሄደው ሦስተኛው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተገኝተው ወደ ቻይና ሲጓዙ በሳንባ ምች ታመሙና በነሐሴ ወር ሃርቢን ከተማ ውስጥ አረፉ። ዕድሜያቸው 72 ነበር።

ጭንጫው አፈር ስም ያገኘው ከእርሳቸው በኋላ ነው። በቅየሳው ኃላፊነት የተኩአቸው ቻርልስ ኬሎግ ከማርክ ባልድዊንና ከጄምስ ቶርፕ ጋር በ1938 ባወጡት ምደባ ሊቶሶል የሚባል ቡድን ገባ፤ ሆኖም የተቀመጠው ከየትኛውም የአየር ንብረት ቀጠና ውጭ በሆነው ክፍል ውስጥ ስለነበር ከደጃፉ ብዙም አልራቀም። በ1975 የታተመው የአሜሪካ ሥርዓት ግን ጠጠርን ከብስለት ጋር ማያያዙን ተወ። በሚለካው የአፈር ክፍል ውስጥ የድንጋይ ስብርባሪ ከመጠኑ 35 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ አፈሩ የትኛውም መደብ ውስጥ ቢሆን በቤተሰብ ደረጃ አፅማም ተብሎ ይጠራል። በዓለም አቀፉ የማጣቀሻ ሥርዓት ደግሞ በ25 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ወጥ አለት የሚገኝበት፣ ወይም እስከ 75 ሳንቲ ሜትር ድረስ ደቃቅ አፈሩ በአማካይ ከ20 በመቶ በታች የሆነ መሬት ሌፕቶሶል ይባላል፤ በኢትዮጵያ ደጋማ ተዳፋቶች ላይ በሰፊው የምናገኘውም እርሱ ነው። ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። ጠጠራም የሆነ ሁሉ ስስ አይደለም፤ በደረቅ አገር ተራሮች ግርጌ በጠጠሩ ታች በኩል የተለጠፈ የኖራ ቅርፊት ወይም ወፍራም የሸክላ ንብርብር ከተገኘ፣ አፈሩ በዚያ ቦታ ረጅም ዘመን እንደተቀመጠ ያስረዳል።

በኦዛርክ በሰፊው የሚገኘው ክላርክስቪል የተባለው የአፈር ዓይነት በባልጩት ስብርባሪ የተሞላ ነው። ዛሬ የሚመደበው በአፅማም ቤተሰብ፣ ፓሌውደልት በሚባለው ታላቅ ቡድን ውስጥ ሲሆን፣ የስሙ የመጀመሪያ ክፍል ጥንታዊነትን የሚያመለክት ነው።