ዶክተር ኤኮኖሞና የእንቅልፉ በሽታ

በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን የአዲስ አበባ ሕዝብ ቆሻሻውን ከየደጁ አውጥቶ ሲያቃጥል ዓይኑን ያላሸ ተማሪ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ኅዳር ሲታጠን እንለዋለን። ልማዱ የሚያስታውሰው በ1911 ዓ.ም. ማለት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1918 ወደ አገራችን የገባውን ከባድ ኢንፍሉዌንዛ ነው። በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10,000 የሚደርስ ሰው እንደ ጨረሰ ይገመታል፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንንም ታመው ከሞት ተርፈዋል። ይህን ከአያቶቻችን እየሰማን አድገናል። ነገር ግን በዚያው ዘመን ሌላ በሽታ አውሮፓንና አሜሪካን እየዞረ ሰውን ከገበታው ላይ እንኳ ያስተኛ እንደ ነበረ፤ የተኙትም ብዙዎቹ እንዳልነቁ፤ ከነቁትም ብዙዎቹ እንደ ሐውልት ደርቀው እንደ ቀሩ የሚያውቅ ጥቂት ነው። የዚያን በሽታ መኖሪያ በአንጎል ውስጥ ፈልጎ ያገኘው ሰው ኮንስታንቲን ፎን ኤኮኖሞ ይባላል። የሕክምና ተማሪዎች ወንድሞቼና እኅቶቼ ስሙን በመጽሐፋቸው ያገኙታል፤ እኔ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስሆን የሰውየው ታሪክ ስለ ማረከኝ እጽፈዋለሁ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኤኮኖሞ ኦገስት 21 ቀን 1876 በሩማንያ አገር በዳኑብ ወንዝ ዳር ባለችው በብራይላ ከተማ ከግሪክ ወላጆች ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ ቤተ ሰቡ ትሪየስቴ ወደምትባለው ወደብ ተዛወረ። ትሪየስቴ ዛሬ የኢጣልያ ናት፤ ያን ጊዜ ግን የኦስትሪያ መንግሥት ወደብ ነበረች። አባቱ ባለ ወፍጮ ባለጸጋ ነጋዴ ነበር። ስለዚህ ልጁ በቤት ግሪክኛ፤ በመንገድ ጣልያንኛ፤ በትምህርት ቤት ጀርመንኛ እየሰማ አደገ።

አባትየው ልጁ መሐንዲስ ሆኖ የቤቱን ሥራ እንዲወርስ ይፈልግ ነበርና በ1893 ወደ ቪየና ልኮ በቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት አስገባው። ኤኮኖሞ ሁለት ዓመት መካኒክነት ከተማረ በኋላ ትቶ ወደ ሕክምና ዞረ። የአባትን ምርጫ ጥሎ የራስን መያዝ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ከመካከላችን የሚያውቀው ብዙ ነው፤ ዝርዝር አያሻውም። በ1901 በዶክተርነት ተመረቀ። ከዚያም በፓሪስ፤ በስትራስቡርግ፤ በሙኒክና በበርሊን እየተዘዋወረ በጊዜው ከነበሩት የነርቭና የአእምሮ በሽታ ሊቃውንት ሥር ተማረ። በ1906 ወደ ቪየና ተመልሶ የፕሮፌሰር ዩሊዩስ ቫግነር ያውሬግ ረዳት ሆነ። እኒህ ፕሮፌሰር ኋላ በ1927 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ናቸው።

የመካኒክነቱ ትምህርት ግን ከንቱ አልቀረም። ያን ጊዜ አይሮፕላን የሚባል ነገር ገና መወለዱ ነበር። ኤኮኖሞ ወደ ፈረንሳይ ሄዶ መብረር ተማረ፤ ከኦስትሪያ የመጀመሪያዎቹ በራሪዎችም አንዱ ሆነ፤ ከ1910 እስከ 1926 ድረስ የኦስትሪያ አየር በራሪዎች ክበብ ሊቀ መንበር ሆኖ ቆየ። ማለዳ ከእንጨትና ከሸራ በተሠራች መኪና ሰማይ ላይ ወጥቶ፤ ረፋዱ ላይ ሕሙማንን የሚጎበኝ ሐኪም እንደ ነበረ አስቡት። እኔ በበኩሌ ይህን ካነበብሁ ወዲህ ጊዜ አጣሁ የሚል ጓደኛ ሲያጋጥመኝ ዝም ብዬ ነው የማየው።

ጦርነቱ በ1914 ሲነሣ ወደ ግንባር ዘመተ፤ በ1916 በደቡብ ቲሮል ተራሮች ላይ እየበረረ ሠራ። ከወንድሞቹ አንዱ በጦርነቱ በመሞቱ ወላጆቹ ለምነው ወደ ቪየና መለሱት፤ በዚያም ራሳቸውን የቆሰሉ ወታደሮችን ያክም ጀመር።

በ1916 መጨረሻና በ1917 መጀመሪያ፤ በክረምቱ ብርድ፤ ወደ ቫግነር ያውሬግ ክሊኒክ ልዩ ልዩ ሰዎች ይመጡ ጀመር። በእያንዳንዳቸው ወረቀት ላይ የተጻፈው የበሽታ ስም ሌላ ሌላ ነበር። አንዱ የማጅራት ገትር ነው ተብሏል፤ ሌላው የአእምሮ ሁከት፤ ሌላው ሌላ። ኤኮኖሞ ወረቀቱን ወደ ጎን ትቶ ሰዎቹን ተመለከተ። ትኩሳቱ ቀላል ነው፤ ራስ ምታት አለ፤ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ይመጣል። በሽተኛው ሲቀሰቅሱት ይነቃል፤ የጠየቁትን በትክክል ይመልሳል፤ ሲተዉት ተመልሶ ይተኛል፤ ጉርሻው በአፉ እንዳለ የሚያንቀላፋም ነበረ። ሌላም ምልክት አለ። የዓይን ቆባቸው ይወድቃል፤ ዓይናቸው አስተካክሎ መዞር ያቅተዋል፤ አንዱን ነገር ሁለት አድርገው ያያሉ። እንቅልፍና ዓይን በአንድነት! ከዚህ ላይ ነው የሰውየው ብልኅነት የሚታየው። ዓይንን የሚያንቀሳቅሱት ነርቮች ከየት እንደሚነሡ የታወቀ ነበር፤ ከነዚህም ዋነኞቹ የሚነሡት ከመሐል አንጎል ነው። እንግዲያስ እንቅልፉም ከዚያው ሠፈር ሳይሆን አይቀርም ብሎ አሰበ።

መሐል አንጎል ምን እንደ ሆነ ለማያውቅ አንባቢ በአገሬ ምሳሌ ልንገረው። እኔ የጎብዬ ልጅ ነኝ። ጎብዬ በወልድያና በቆቦ መካከል በራያ ሜዳ ላይ ያለች ከተማ ናት። በእኛ አገር ክረምት ሲገባ ጎርፍ ከምዕራቡ ተራራ ይወርዳል፤ ገበሬው በጠለፋ ይይዘውና በዋናው ቦይ አስገብቶ፤ ከዚያ በትንንሹ ቦይ ከፋፍሎ ማሽላውን ያጠጣል። ተራራው ሰፊ ነው፤ ሜዳውም ሰፊ ነው፤ የጠለፋው አፍ ግን ጠባብ ነው። ያ ጠባብ አፍ በደለል የተደፈነ ወይም የፈረሰ እንደ ሆነ ተራራው ላይ የፈለገውን ያህል ዝናብ ቢዘንብ የታችኛው ማሽላ ይደርቃል። መሐል አንጎልም እንደዚሁ ነው። ርዝመቱ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በላይ ታላቁ አንጎል አለ፤ በታች የጀርባ አጥንት ውስጥ የሚወርደው ሰረሰር አለ። እጅህን አንሣ የሚለው ትእዛዝ ሲወርድ፤ እጅህ ተቃጠለ የሚለው ወሬ ሲወጣ፤ ሁለቱም በዚያ ጠባብ በር ያልፋሉ። በጀርባው በኩል ያሉት አራት ጉብታዎች ሁለቱ ለማየት፤ ሁለቱ ለመስማት ያገለግላሉ፤ ከኋላችን ድምፅ ስንሰማ ሳናስብ ዘወር የምንለው በነዚህ ነው። ሐኪም ራሱን የሳተ ሰው ዓይን ውስጥ ባትሪ የሚያበራውም የዓይኑ ብሌን በብርሃን ቢጠብ መሐል አንጎሉ ገና ይሠራል ለማለት ነው።

የሞቱት በሽተኞች አንጎል ሲመረመር ኤኮኖሞ የጠረጠረው ተገኘ። ቁጣው ወይም እብጠቱ በዋናነት ያረፈው በመሐል አንጎልና ከሱ በላይ በሚያዋስነው ሥፍራ ላይ ነበር። ኤፕሪል 17 ቀን 1917 ለቪየና የነርቭ ሐኪሞች ማኅበር ነገሩን አስረዳ፤ ሜይ 10 ቀን ደግሞ በቪየና የሕክምና ጋዜጣ ላይ አሳተመው። በሽታውን ኢንሴፋላይቲስ ሌታርጂካ ብሎ ሰየመው፤ ትርጓሜው የሚያስተኛ የአንጎል ቁጣ ማለት ነው። በአፍሪካ ቆላ ዝንብ ከሚያስተላልፈው የእንቅልፍ በሽታ ጋር ስሙ እንጂ ነገሩ አይገናኝም። በዚያው ዓመት በፈረንሳይ አገር ክሩሼ የተባለ ሐኪም በወታደሮች ላይ ያየውን ተመሳሳይ በሽታ ጽፎ ነበርና የቀዳሚነቱ ነገር ኋላ አከራከረ። ክሩሼ ሰፊ ልዩ ልዩ ሕመም በአንድነት ሰብስቦ ነበር፤ በሽታውን ለይቶ መኖሪያውን ያሳየው ግን ኤኮኖሞ ነው ብዬ አምናለሁ።

በሽታው ጨርሶ አዲስም አልነበረም። ኤኮኖሞ ልጅ ሳለ፤ በ1890 ገደማ፤ በሰሜን ኢጣልያ ሕዝቡ ኖና እያለ የሚጠራው ሰውን አስተኝቶ የሚገድል በሽታ ተነሥቶ ነበር። ሐኪሞች ወሬ ነው ብለው ንቀውት ነበር። ኤኮኖሞ ግን በቤቱ ሲነገር የሰማውን ይህን ነገር ረስቶ አልጣለውም፤ በጽሑፉ ውስጥ አነሣው። የእናቶች ወሬ ለሳይንስ እንዳገለገለ የሚያሳይ ሌላ ምሳሌ የምታውቁ ብትኖሩ ለዚህ መጽሔት ብትጽፉ ደስ ይለናል።

ብዙ ሰው ይህን በሽታ ያመጣው ያው የኅዳሩ ኢንፍሉዌንዛ ነው ብሎ ያምን ነበር፤ ዛሬም የሚያምን አለ። ነገሩ ግን አጠራጣሪ ነው። የኤኮኖሞ በሽተኞች የታመሙት ታላቁ ኢንፍሉዌንዛ ከመነሣቱ ከአንድ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ነው። ከዚህም ሌላ በየሆስፒታሉ ተጠብቆ የቆየው የሙታኑ አንጎል ከብዙ ዓመት በኋላ በአዲስ ዘዴ ሲመረመር የኢንፍሉዌንዛው ቫይረስ አልተገኘበትም። በሽታው ዓለምን ዞሮ በ1920ዎቹ መጨረሻ ገደማ እንደ አመጣጡ ጠፋ፤ ምክንያቱም እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ከተኙት ይልቅ ኤኮኖሞን ያስደነቁት ያልተኙት ነበሩ። አንዳንዱ በሽተኛ በተቃራኒው ሌት ተቀን ዓይኑን መክደን ያቅተውና ሲቅበዘበዝ ይሞታል። የነዚህኞቹን አንጎል ሲያይ ጉዳቱ ከመሐል አንጎል ወደ ፊት ራቅ ብሎ ተገኘ፤ የእንቅልፋሞቹ ደግሞ ወደ ኋላ፤ ከመሐል አንጎል ጋር በሚገናኘው ላይ። ስለዚህ ከፊት ያለው የሚያስተኛ፤ ከኋላ ያለው የሚያነቃ መሆን አለበት ብሎ ደመደመ። እስከዚያ ድረስ ብዙዎች እንቅልፍ የድካም ውጤት እንጂ አንጎል ራሱ የሚያዝዘው ሥራ መሆኑን አያስቡም ነበር። በ1949 ሞሩዚና ማጉን የተባሉ ሊቃውንት የአንጎልን ግንድ በኤሌክትሪክ እየነኩ የተኛ እንስሳ ማንቃት ቻሉ፤ በ1990ዎቹም የሚያስተኙት ሴሎች ኤኮኖሞ ባመለከተው ሥፍራ ተገኙ። ሰውየው ግን ይህን ሁሉ ያለው ማይክሮስኮፕና በሽተኛ ብቻ ይዞ ነው።

ከበሽታው ዳኑ ከተባሉት ብዙዎቹ ከጥቂት ወር ወይም ከጥቂት ዓመት በኋላ ሌላ መከራ መጣባቸው። ሰውነታቸው ይገታል፤ ፊታቸው እንደ ጭንብል ይሆናል፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ አንድ እርምጃ ለመጀመር ብዙ ደቂቃ ይፈጃሉ። ይህ እንግሊዛዊው ዶክተር ጄምስ ፓርኪንሰን በ1817 በሽማግሌዎች ላይ ያየው ሕመም ነው፤ አሁን ግን በጎረምሶችና በልጃገረዶች ላይ ታየ። በመሐል አንጎል ውስጥ ከጥቁረቱ የተነሣ ሰብስታንሺያ ኒግራ የሚባል ክፍል አለ። በ1919 ትሬቲያኮፍ የተባለ ሐኪም በፓሪስ ባቀረበው የመመረቂያ ጽሑፍ የፓርኪንሰን በሽተኞችና የእንቅልፉ በሽተኞች ይህ ጥቁሩ ክፍል ሳስቶ፤ ሴሎቹ ሞተው እንዳገኘ አስረዳ። እንቅስቃሴያችንን የሚያለዝበው ዶፓሚን የሚባለው ንጥረ ነገር የሚመነጨው ከዚያ ነው። ምንጩ ከግማሽ በላይ እስኪደርቅ ድረስ ምልክቱ አይታይም፤ ሰው ራሱን ጤነኛ ነኝ ሲል ይቆያል።

በብዙ አገር እነዚህን ሰዎች ሰነፍ፤ ግትር፤ እብድ ብለው በየአእምሮ ሕሙማን ቤት ከተቷቸው። ከበሽታው የተረፉ ልጆችም ጠባያቸው ተለውጦ ሲሰርቁና ሲማቱ እንደ ባለጌ ተቆጠሩ። ልባቸው ግን ሁሉን ያውቅ ነበር። ይህን ስጽፍ የእኛን አገር አስባለሁ። በራያም ሆነ በሌላው ክፍለ አገር እጁ የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ ሲታይ እርጅና ነው ተብሎ ይታለፋል፤ ሰውየው ወጣት የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ ዛር ወይም ለከፋ ይባላል። ጠበሉን አልነቅፍም፤ እናቴም ብትሆን መጀመሪያ የምትወስደኝ ወደዚያው ነው። ነገር ግን ጠበል የሚወስድ ዘመድ ወደ ሐኪምም ሊወስድ ይችላል፤ ችግሩ ሐኪሙ የት አለ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሐኪሞችን በስፔሻሊስትነት ማሠልጠን የተጀመረው በ2006 ነው። ከዚያ በፊት የአገራችን ሐኪሞች በቡታጅራ አካባቢ ከቤት ወደ ቤት ዞረው 60,820 ሰዎችን መርምረው ነበር፤ በ1990 በታተመው ጽሑፋቸው ከ100,000 ሰው 7ቱ የፓርኪንሰን ሕመም እንዳለበት ጽፈዋል። ቁጥሩ ከአውሮፓው እጅግ ያነሰ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ይህ የሆነው ሽማግሌዎቻችን ጥቂት ስለ ሆኑና የታመመውም ቶሎ ስለሚሞት ይሆናል እንጂ በሽታው እኛን ስለ ፈራ አይደለም።

ወደ ኤኮኖሞ ልመለስ። በ1919 ካሮሊኔ የተባለች ልዕልት አገባ፤ በ1921 ፕሮፌሰር ሆነ። በ1925 ኮስኪናስ ከተባለ የግሪክ ሐኪም ጋር ሆኖ የታላቁን አንጎል ቅርፊት ሴል በሴል መርምሮ በ107 ክፍል የከፈለበትን ትልቅ መጽሐፍ አወጣ። እንደ እንዝርት የረዘሙ አንዳንድ የአንጎል ሴሎች ዛሬ በስሙ ይጠራሉ። በ1928 መምህሩ ቫግነር ያውሬግ ጡረታ ሲወጡ ወንበራቸውን እንዲወርስ ቢጠየቅ ምርምሬን ያስተጓጉልብኛል ብሎ እንቢ አለ። ሹመት ሲሰጠው እንቢ የሚል ሰው በየትም አገር ጥቂት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ስለ እንቅልፉ በሽታ የመጨረሻውንና ሰፊውን መጽሐፉን አሳተመ። በ1931 የሚመኘው የአንጎል ምርምር ክፍል በቪየና ተከፈተለት፤ ነገር ግን ብዙ አልሠራበትም። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 21 ቀን በልብ ሕመም በ55 ዓመቱ ሞተ።

እርሱ ከሞተ ከ29 ዓመት በኋላ፤ በ1960፤ በዚያው በቪየና ከተማ ሆርኒኪየቪችና ኤሪንገር የተባሉ ተመራማሪዎች በፓርኪንሰን በሽተኞች አንጎል ውስጥ ዶፓሚን እንደ ጎደለ አሳዩ። በተከታዩ ዓመት ሆርኒኪየቪች ከቢርክማየር ጋር ሆኖ ሌቮዶፓ የሚባለውን መድኃኒት ለበሽተኞች ሰጠ፤ መነሣት ያቃታቸው ተነሡ። መድኃኒቱ ዛሬም ዋነኛው ነው፤ በእኛ አገር ግን ከትልልቅ ከተማ ወጣ ሲሉ ማግኘቱ ያስቸግራል። በ1969 ደግሞ በኒውዮርክ ኦሊቨር ሳክስ የተባለ ወጣት ሐኪም ይህንኑ መድኃኒት በአንድ ሆስፒታል ውስጥ ለዐሥርት ዓመታት ደርቀው ለቆዩ ሰዎች ሰጣቸው። ተናገሩ፤ ተራመዱ፤ ዘፈኑ። ለብዙዎቹ ደስታው አልቆየም፤ መድኃኒቱ ራሱ ሌላ መንፈራገጥ አመጣባቸው። ከነዚያ ሰዎች መካከል ኤኮኖሞ በሕይወት ሳለ የታመሙ፤ ሲነቁም ዘመኑ ገና 1920ዎቹ የመሰላቸው ነበሩ።