ጌዎርግ ፊሊፕ ቴሌማንና የመለከት ኮንቸርቶው

እኛ በወላይታ ሶዶ የምንማር ተማሪዎች ለመለከት ድምፅ እንግዶች አይደለንም። በአገራችን የሚነፋው ረዥሙ ዲንካ እንደ ዋሽንት የጣት ቀዳዳ የለውም፤ ድምፁን የሚያወጡት የነፊው ከንፈርና ትንፋሽ ናቸው። ከሦስት መቶ ዓመት በፊት በአውሮፓ የነበረው የነሐስ መለከትም እንዲሁ ያለ ቁልፍ ነበረ። መለከቱ ብቻውን መሪ ሁኖ ቫዮሊኖች እንዲያጅቡት ኮንቸርቶ ከጻፉት ሰዎች አንዱ ጀርመናዊው ቴሌማን ስለ ሆነ፥ የሕይወቱን ታሪክ ላቀርብላችሁ ወደድሁ።

ቴሌማን በማግደቡርግ ከተማ በፈረንጅ አቆጣጠር ማርች 14 ቀን 1681 ተወለደ፤ ጊዜው አፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ በጎንደር ነግሠው የነበሩበት ነው። አባቱ በ1685 ስለ ሞቱ እናቱ ብቻቸውን አሳደጉት። ልጁ በ12 ዓመቱ ኦፔራ ጻፈ። እናቱ ግን ልጃቸው እንደ አዝማሪ ዞሮ አዳሪ እንዳይሆን ወዳጆች ስላስፈራሯቸው፥ የሙዚቃ መሣሪያዎቹን ሁሉ ወሰዱበት። በእኛም አገር ስለ አዝማሪ ይነገር የነበረውን ለሚያውቅ ሰው የእኚህ እናት ፍርሃት እንግዳ አይሆንበትም። ልጁ ግን ሌሊት እየተነሣ ይጽፍ፥ ሰው በሌለበት ስፍራም በተዋሰው መሣሪያ ይለማመድ ነበረ።

በ1701 ሙዚቃን ሊተው ቆርጦ ሕግ ለመማር ወደ ላይፕሲክ ሄደ። አብሮት የሚኖረው ተማሪ ግን ከጓዙ ውስጥ አንድ የጻፈውን መዝሙር አገኘ፤ መዝሙሩም በቅዱስ ቶማስ ቤተ ክርስቲያን ተዘመረ። የከተማው ሹም ወደዱትና በየሁለት ሳምንቱ አዲስ ድርሰት እንዲያቀርብ አዘዙት። ያን ጊዜ ቴሌማን እናቱ የላኩለትን ገንዘብ መልሶ ላከና ሐሳቡን እንደ ለወጠ ገለጠላቸው፤ እርሳቸውም መረቁት። በእኔ አስተያየት ከሕይወቱ ሁሉ የሚበልጠው ሥራ ይህ ነው፤ ተደብቆ ሊኖር ይችል ነበርና።

ከዚያ በኋላ በሶራው፥ በአይዘናኽና በፍራንክፉርት ሠርቶ በ1721 ሐምቡርግ ገባ። በዚያም የአምስት ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናትን ሙዚቃ እየመራ በትምህርት ቤት አስተማረ። ድርሰቶቹ ከ3000 ይበልጣሉ።

የመለከቱ ኮንቸርቶ ከነዚህ አንዱ ነው። ቁልፍ የሌለው መለከት ዝቅተኛ ድምፆቹ እርስ በርሳቸው የተራራቁ ስለ ሆኑ፥ ደረጃ በደረጃ የሚሄድ ዜማ የሚገኝበት እጅግ ከፍ ተደርጎ ሲነፋ ነው። ስለዚህ ቴሌማን ዜማውን ወደ ላይ ሰቀለው፤ የነፊው ከንፈር ጥቂት ቢላላ ድምፁ ይበላሻል። ኮንቸርቶው አራት ክፍሎች አሉት። በሦስተኛው ክፍል መለከቱ ፈጽሞ ዝም ይልና ቫዮሊኖቹ የሐዘን ዜማ ይጫወታሉ፤ ያን ዜማ ለመጫወት የመለከቱ ድምፆች አይበቁምና። ነፊውም በዚያው ከንፈሩን አሳርፎ ለመጨረሻው ፈጣን ክፍል ይዘጋጃል። ዛሬ የምናየው ባለ ቁልፍ መለከት የተሠራው ቴሌማን ከሞተ ከ50 ዓመት ያህል በኋላ ነው።

ቴሌማን በሐምቡርግ ጁን 25 ቀን 1767 በ86 ዓመቱ ሞተ፤ ሥራውንም የክርስትና ልጁ ካርል ፊሊፕ ኤማኑኤል ባኽ ተረከበ።