ልዑል ዓለማየሁ በእንግሊዝ ገጠር

በሶዶ አገር፣ በቡኢና በአካባቢዋ ባሉት መንደሮች፣ ልጅን ከቤት አርቆ መላክ እንግዳ ነገር አይደለም። ልጁ አጎቱን ወይም ታላቅ ወንድሙን ተከትሎ አዲስ አበባ ይገባል፤ ወይ ይማራል፣ ወይ ይነግዳል። መስቀል ሲደርስ ግን መንገዱ ሁሉ ወደ አገር ቤት ይዞራል። ቆጮው ተጋግሮ፣ ሠንጋው ተገዝቶ፣ የአባቱ ደጅ ተከፍቶ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ለዚህ አገር ልጅ ከቤት መውጣት የመንገዱ እኩሌታ ነው፤ የቀረው እኩሌታ መመለስ ነው። ዛሬ ታሪካቸውን ለአንባቢዎቻችን የምናቀርብላቸው ኢትዮጵያዊ ልጅ ግን ይህ ሁለተኛው እኩሌታ ሳይደርሳቸው ቀርቷል። እርሳቸውም በእንግሊዝ አገር ያደጉት የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ናቸው።

ልዑል ዓለማየሁ በሚያዝያ ወር 1853 ዓ. ም. ተወለዱ። እናታቸው እቴጌ ጥሩወርቅ የታላቁ መስፍን የደጃዝማች ውቤ ልጅ ነበሩ። ዐፄ ቴዎድሮስ የእንግሊዝን ቆንስልና ሌሎችን የውጭ አገር ሰዎች በማሰራቸው በጄኔራል ሮበርት ናፒየር የሚመራ ጦር ባሕር ተሻግሮ መጣ፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ. ም. መቅደላን ያዘ። ንጉሠ ነገሥቱም ለጠላት እጅ ከመስጠት ሞትን መርጠው በገዛ ሽጉጣቸው ሕይወታቸውን አሳለፉ። በዚያ ቀን ልዑሉ ሰባት ዓመት ሊሞላቸው የቀሩት ጥቂት ቀኖች ብቻ ነበሩ። ወታደሩ አምባውን ዘረፈ፤ የብራናው መጽሐፍ፣ ዘውዱና የቤተ ክርስቲያኑ ንዋየ ቅድሳት በዝሆንና በበቅሎ ተጭኖ ወረደ። ሕፃኑ ልዑልና እናታቸውም ከዚያው ጦር ጋር ወደ ባሕሩ ጉዞ ጀመሩ።

እቴጌ ጥሩወርቅ ግን አስቀድሞ የሳንባ ሕመም ነበረባቸውና መንገዱን አልጨረሱም። በግንቦት ወር ትግራይ ላይ ዐርፈው በጨለቆት ተቀበሩ። እንግዲህ ልዑሉ በአንድ ወር ያህል ጊዜ ውስጥ አባታቸውን፣ ቤታቸውንና እናታቸውን አጡ ማለት ነው። ይህንን ሁሉ ጉዳት ያየ ልጅ ከአገሩ ሲወጣ ምን ይዞ እንደ ወጣ አንባቢ ራሱ ይገምተው።

አሳዳጊ ሆነው የተሰጡዋቸው ካፒቴን ስፒዲ የሚባሉ እንግሊዛዊ መኰንን ነበሩ። እኒህ ሰው ከጦርነቱ በፊት በዐፄ ቴዎድሮስ ዘንድ አገልግለዋል፤ አማርኛ ይናገራሉ፤ ቁመታቸው እጅግ ረጅም ነው፤ ባሻ ፈለቃ የሚል የማዕረግ ስምም ከኢትዮጵያ አግኝተዋል። ልጁም ቋንቋቸውን የሚያውቅ ሰው እኒህን ስላገኙ ከእርሳቸው አልለይም አሉ፤ ሌሊትም እንኳ አጠገባቸው ካልሆነ እንቅልፍ አይወስዳቸውም ነበር።

በ1860 ዓ. ም. ክረምት እንግሊዝ አገር ደረሱ። በዋይት ደሴት ላይ ንግሥት ቪክቶሪያ ኦስቦርን የሚባል ቤተ መንግሥት ነበራቸውና ልዑሉ እዚያ ቀረቡ። ንግሥቲቱም ወደዱዋቸው፤ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜም ስለ እርሳቸው ማሰብን አልተዉም። ከዚህ በኋላ በዚያው ደሴት ምዕራባዊ ጫፍ ፍሬሽዋተር በምትባል የገጠር መንደር ከካፒቴን ስፒዲ ጋር ተቀመጡ።

ፍሬሽዋተር ከመቅደላ ጋር የሚመሳሰል ነገር የላትም። መቅደላ ከባሕር ርቆ የቆመ አምባ ነው፤ ፍሬሽዋተር ግን ነጭ የኖራ ገደል ከባሕሩ አፍ ላይ የተተከለባት፣ በጎች በለምለም ኮረብታ ላይ የሚሰማሩባት ጸጥ ያለች መንደር ነበረች። በሶዶ የእንሰቱ ተክል ቤቱን ከቦ የጎረቤትን ድንበር እንደሚያሳይ፣ በዚያም የቁጥቋጦ አጥር እርሻውን ከእርሻ ይለያል። መንደሪቱ ታላላቅ ሰዎች የሚኖሩባት ናት፤ ስመ ጥሩው ባለቅኔ ቴኒሰን ቤታቸው እዚያ ነበር። ጎረቤታቸው ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባሉት ሴት ደግሞ ፎቶግራፍ ማንሣትን ከጥበብ ተራ ካስቆጠሩት ሰዎች አንዷ ናቸው። እኒህ ወይዘሮ በ1868 እ. ኤ. አ. ልዑሉን ከካፒቴን ስፒዲ ጋር አነሡዋቸው። ሥዕሉ ዛሬም አለ። ልጁ በሥዕሉ ላይ ፈገግታ የላቸውም፤ የሚያዩትም ሩቅ ነው።

ይሁን እንጂ የልዑሉ የልጅነት ዘመን መልካም ክፍል ይኸው ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም። አማርኛ የሚሰማ አሳዳጊ ነበራቸው፤ የሚሮጡበት ሜዳ ነበራቸው። ካፒቴን ስፒዲ ከፍሬሽዋተር ሴት አግብተው በሥራ ወደ ሕንድ በተላኩ ጊዜም ልዑሉን ይዘው ሄዱ። ከቤተሰብ የሚቆጠር ነገር ልዑሉ ያገኙት በእነዚህ ባልና ሚስት ቤት ነው።

ነገር ግን የልጁ ወጪ የሚከፈለው ከመንግሥት ገንዘብ ነበርና ጉዳያቸው በመሥሪያ ቤት ፋይል ውስጥ ገባ። የገንዘብ ሚኒስትሩ ሮበርት ሎው ልጁ ወደ እንግሊዝ ተመልሰው በሥርዓት መማር ይገባቸዋል ብለው ቈረጡ። ውሳኔው በክፋት የተደረገ አይመስለንም፤ የአንድ ንጉሥ ልጅ ጥሩ ትምህርት ቤት ይግባ ማለት በወረቀት ላይ ሲነበብ ደግ ሐሳብ ነው። ሆኖም በዐሥር ዓመት ዕድሜያቸው አካባቢ ከካፒቴን ስፒዲና ከባለቤታቸው ተለዩ። ቤታቸው የፈረሰው እንግዲህ ለሁለተኛ ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመናቸው ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት የሚደረግ ጉዞ ሆነ። መጀመሪያ በቼልተንሃም ዶክተር ጄክስ ብሌክ ከሚባሉ የትምህርት ቤት ሹም ዘንድ ተቀመጡ፤ እርሳቸው በ1874 እ. ኤ. አ. ወደ ራግቢ ትምህርት ቤት ሲዛወሩ ልዑሉም ተከተሉ። ከመጽሐፉ ይልቅ ጨዋታውና ስፖርቱ ይቀናቸው ነበር ይባላል። በ1878 እ. ኤ. አ. ሳንድኸርስት ወደሚባለው የጦር ትምህርት ቤት ገቡ፤ ነገር ግን አልተመቻቸውምና ብዙ ሳይቆዩ ወጡ።

በዚህ ጊዜ ውስጥ አገር ቤት የሚያስባቸው ሰው አልጠፋም። የእናታቸው እናት ወይዘሮ ላቅያዬ በሕይወት ነበሩ። የልጅ ልጃቸውን እንዲያዩ እየለመኑ ወደ እንግሊዝ አገር ደብዳቤ ጻፉ። አሮጊቷ እናት በግራ እጃቸው ተስፋን፣ በቀኝ እጃቸው የደብዳቤ ጸሐፊን ይዘው ሲጠብቁ፣ ባሕር ማዶ ልጁ አማርኛቸውን እየረሱ ሄዱ። የልጁን ዕድል በሚወስነው ጠረጴዛ ዙሪያ አያቲቱም ሆኑ ራሳቸው ልዑሉ ወንበር አልነበራቸውም።

ከሳንድኸርስት ከወጡ በኋላ ሊድስ ከተማ አጠገብ ሄዲንግሊ በሚባል ስፍራ፣ ቀድሞ ያስጠኑዋቸው ከነበሩት ከሲሪል ራንሰም ቤት ተቀመጡ። እዚያም ሳሉ ብርድ መታቸው፤ ሕመሙም በደረታቸው ውስጥ ጸና። ኅዳር 5 ቀን 1872 ዓ. ም. በዐሥራ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ። ንግሥት ቪክቶሪያ እጅግ አዝነው፣ በዊንዘር ቤተ መንግሥት በሚገኘው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት እንዲቀበሩ አደረጉ። ስማቸውን የሚያስታውስ የነሐስ ሰሌዳም በግድግዳው ላይ ተደረገ። ክብሩ ትልቅ ነው፤ ነገር ግን መቃብሩ ከጨለቆት እጅግ ሩቅ ነው።

በ1999 ዓ. ም. ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ የልዑሉ ዐፅም ወደ ኢትዮጵያ እንዲመለስ በይፋ ጠየቁ። በ2015 ዓ. ም. የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት፣ በአጠገባቸው የተቀበሩትን ሌሎች ሰዎች ሳይነኩ ዐፅሙን ማውጣት አይቻልም ሲል መልስ ሰጠ። በመስከረም 2016 ዓ. ም. ደግሞ በካፒቴን ስፒዲ ቤተሰብ እጅ የቈየ ከልዑሉ ራስ የተቈረጠ ጥቂት ጠጕር ለንደን ላይ ለኢትዮጵያ ተመልሷል። አያታቸው የለመኑት መመለስ በዚህ መጠን ተጀመረ ማለት ይቻላል።

እኛ ይህንን ታሪክ ለወጣት ተማሪዎችና ለመሥሪያ ቤት ጀማሪዎች ስናቀርብ እንግሊዛውያኑን ሁሉ በጭካኔ ለመክሰስ አይደለም። ልዑሉ አልተራቡም፤ አልታረዙም፤ የሚወዱዋቸውም ሰዎች ነበሩ። ጉድለቱ ሌላ ነው። እያንዳንዱ ባለሥልጣን ለልጁ ይበጃል ያለውን ወሰነ፤ ልጁ ማንን እንደሚሹ፣ ወደ የት መመለስ እንደሚፈልጉ ጠይቆ የሚፈጽምላቸው ግን አልተገኘም። ወጣቱ ሹም ነገ የሰው ልጅ ጉዳይ በፋይል ተጠርዞ ጠረጴዛው ላይ ሲቀርብለት፣ ፊርማውን ከማኖሩ በፊት ስሙ በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ሰው ራሱን ቢጠይቅ መልካም ነው። ከአያት የመጣ ደብዳቤም በፋይሉ ውስጥ ቢገኝ፣ መልስ ሳይጻፍለት አይደር።