ይድነቃቸው ተሰማና የወጣት ተጫዋቾች ምልመላ

ይድነቃቸው ተሰማ በ1914 ዓ.ም. ከወልቂጤ ባሻገር፣ በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ባለቅኔው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ቅዱስ ጊዮርጊስን ተቀላቅለው ከሃያ ዓመት በላይ ተጫወቱ። በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሣም ቡድኑን አሠልጥነዋል።

በ1964 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኑ። በዘመናቸው እጅግ ካሳሰባቸው አንዱ የአውሮፓ ክለቦች የአፍሪካን ምርጥ ወጣቶች መልምለው መውሰዳቸው ነበር፤ አህጉሪቱ የጥሬ ዕቃ አቅራቢ ሆና እንዳትቀር አስጠነቀቁ። ቡናውን ሳይቈላ ለሚሸጥ ገበሬ ይህ ሥጋት እንግዳ አይደለም። ልጁ በወልቂጤ የትምህርት ቤት ሜዳ ኳስ የሚጫወትለት ወላጅ ግን ላይስማማ ይችላል፤ የውጭ ውል ለድኻ ቤት ትልቅ ተስፋ ነውና። ይድነቃቸው በነሐሴ 1979 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ በፕሬዚዳንትነታቸው ቆዩ።