የአራሽ በሬዎች ሠዓሊዋ ሮዛ ቦነር

በሬ የአራሽ ጉልበት፣ የጎተራ ምሰሶ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ግን በሥዕል አዳራሾች የክብር ሥፍራ የሚሰጠው ለነገሥታት፣ ለጦር ሜዳ ድልና ለቅዱሳን ታሪክ ነበር። ፈረንሳዊቷ ሠዓሊ ሮዛ ቦነር በሬን፣ ፈረስንና አንበሳን የሥዕሉ ባለቤት አድርጋ፣ እያንዳንዱን እንደ ሰው ፊት በየራሱ መልክ በዘይት ቀለም ሣለች።

ሮዛ የተወለደችው እ.ኤ.አ. ማርች 16 ቀን 1822 በቦርዶ ከተማ ነው። አባቷ የሥዕል መምህር፣ እናቷ ሶፊ ደግሞ የፒያኖ አስተማሪ ነበሩ። ሕፃኗ ፊደል መቁጠር አሻፈረኝ ባለች ጊዜ፣ እናቷ ለእያንዳንዱ ፊደል ስሙ በዚያ ፊደል የሚጀምር እንስሳ እያሣለች አስተማረቻት። ቤተሰቡ ወደ ፓሪስ ከተዛወረ በኋላ ኑሮ ከበደ፤ እናቷም በ1833 የ11 ዓመቷን ሮዛን ትታ ዐረፈች። ልጅቷ በትምህርት ቤት አልረጋችም፤ ልብስ ሰፊ ዘንድ ለሙያ ብትገባም መርፌውን አልወደደችም። በመጨረሻ አባቷ ራሱ ሥዕል ያስተምራት ጀመር።

የፓሪስ ዋና የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እስከ 1897 ድረስ ሴቶችን አይቀበልም ነበር። ስለዚህ የሉቭር ቤተ መዘክር፣ የገበሬ መስክና የከብት ማረጃ ቄራ ትምህርት ቤት ሆኑላት። በሉቭር የቀደሙ ሠዓሊያንን ሥራ እየገለበጠች እጇን አፍታታች። በቄራ ደግሞ አጥንትና ጅማት ከቆዳ በታች እንዴት እንደሚያያዝ አጠናች። ቤተሰቡ በሚኖርበት ፎቅ ላይ በግ ታረባ ነበር፤ ወንድሟም በጉን ተሸክሞ ለግጦሽ በደረጃ ያወርደው ነበር። በ1841 ሥራዎቿ በታላቁ የፓሪስ ዐውደ ርዕይ ቀረቡ፤ በ1848 የወርቅ ሜዳልያ ተሸለመች።

ከዚህ በኋላ የፈረንሳይ መንግሥት የእርሻ ሥዕል እንድትሠራ አዘዛት። በ1849 የተጠናቀቀው ሸራ በኒቬርኔ አውራጃ ክረምት ሳይገባ መሬት የሚከፈትበትን የመጀመሪያ እርሻ፣ የእኛ ገበሬ ገመሳ የሚለውን ያሳያል። 12 በሬዎች በሁለት ማረሻ፣ ለእያንዳንዱ ሦስት ጥማድ ሆነው ከባዱን አፈር ይገለብጣሉ። የተገለበጠው ጓል፣ የበሬዎቹ የትከሻ ጉልበትና የአፋቸው ለሐጭ ሳይቀር ይታያል። አራሾቹ ከበሬዎቹ ጀርባ አንሰው ሲታዩ፣ አንዱ በሬ ዓይኑን ወደ ተመልካቹ አዙሯል። በዚያው ዓመት አባቷ ስላረፈ፣ ይመራው የነበረውን የልጃገረዶች የሥዕል ትምህርት ቤት እርሷ ተረከበች።

ቀጥላ ስሟን ባሕር ያሻገረውን የፈረስ ገበያ ሥዕል ጀመረች። ለዚህም ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል በሳምንት ሁለት ቀን የፓሪስን የፈረስ ገበያ እየተመላለሰች አጠናች። በነጋዴዎችና በኮርቻ ሠሪዎች መካከል ዓይን እንዳይበዛባት የወንድ ልብስ ትለብስ ነበር። ሴት ሱሪ መልበስ የተከለከለበት ዘመን ስለነበር፣ በየስድስት ወሩ የሚታደስ የፖሊስ ፈቃድ ታወጣ ነበር። አምስት ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሸራ በ1853 ለሕዝብ ታየ፤ ወደ እንግሊዝ ተወስዶም ንግሥት ቪክቶሪያ ተመለከተችው። በ1887 አሜሪካዊው ባለጸጋ ኮርኔሊየስ ቫንደርቢልት ገዝቶ ለኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ቤተ መዘክር ሰጠው፤ ዛሬም እዚያው ይገኛል።

ከሥዕሎቿ ባገኘችው ገንዘብ በፎንቴንብሎ ደን አጠገብ ቤት ገዝታ፣ በ1860 ከወዳጇ ከናታሊ ሚካ ጋር ገባች። ግቢው በጎች፣ ፈረሶች፣ አጋዘኖች፣ ኋላም አንበሶች የሚኖሩበት ሆነ። በ1879 የሣለችው የአንበሳ ራስ፣ እንደ አንድ ባለማዕረግ ሰው ፊት ግርማ የተላበሰ፣ በማድሪዱ ፕራዶ ቤተ መዘክር ይገኛል። በ1889 ደግሞ ፓሪስ መጥቶ የነበረውን አሜሪካዊ ትርኢት አቅራቢ ቡፋሎ ቢልን በነጭ ፈረሱ ላይ እንዳለ ሣለችው።

በ1865 እቴጌ ኢዩጂኒ ቤቷ ድረስ መጥታ የሌዢዮን ዶነር ኒሻን አጠለቀችላት፤ ይህን ኒሻን ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሠዓሊም ሆነች። ይሁን እንጂ የሥዕል ፈሊጥ እየተለወጠ ሲሄድ በአገሯ ክብሯ ቀዘቀዘ፤ ገዢዎቿም በብዛት እንግሊዛውያንና አሜሪካውያን ሆኑ። ናታሊ በ1889 ከሞተች በኋላ በኀዘን ቆየች። የመጨረሻ ዘመኗን አሜሪካዊቷ ሠዓሊ አና ክሉምፕኬ አብራት ኖረች፤ ወራሿም ሆነች።

ሮዛ ቦነር ሜይ 25 ቀን 1899 በ77 ዓመቷ ዐረፈች፤ በፓሪስም ከናታሊ ጎን ተቀበረች። ከሞተች በኋላ ስሟ ለረጅም ጊዜ ተዘንግቶ ቢቆይም፣ የተወለደችበት 200ኛ ዓመት በ2022 በቦርዶና በፓሪስ ኦርሴ ቤተ መዘክር በታላቅ ዐውደ ርዕይ ታሰበ። ከኒቬርኔ መሬት የተነሡት 12 በሬዎችም በዚያው በኦርሴ ግድግዳ ላይ እስከ ዛሬ ያርሳሉ።