አልበርት መንሰል፤ ለቀለም መለኪያ ያበጀ መምህር

የታላላቅ ሰዎች ታሪክ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚወሳው የጦር መሪ ወይም የመንግሥት ሰው ነው። እኔ ግን በዘንድሮው መጽሔታችን የአንድ የሥዕል መምህርን ሕይወት ላቀርብላችሁ ወደድሁ፤ ሥራው ከሥዕል ክፍል ተነሥቶ እስከ ጥርስ ሐኪም ወንበር ድረስ ደርሷልና።

አልበርት ሄንሪ መንሰል በአሜሪካ፥ በቦስተን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1858 ተወለደ። በማሳቹሴትስ የሥዕል መምህራን በሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት ተማረ፤ ወደ ፓሪስ ተሻግሮም ሥዕልን አጠና። ከዚያም በተማረበት ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነ።

በማስተማር ላይ ሳለ አንድ ነገር አሳሰበው። ዜማ በምልክት ይጻፋል፤ ርዝመትም በሜትር ይለካል፤ ቀለም ግን በስም ብቻ ይጠራል። እኛስ ቡናማ ስንል ጥሬውን ቡና ማለታችን ነው፥ የተቆላውን ነው ወይስ የተፈላውን? ስለዚህ መንሰል ማንኛውም ቀለም በሦስት ነገሮች እንዲገለጽ አደረገ። አንደኛው ዓይነቱ ነው፤ ቀይ፥ ቢጫ፥ አረንጓዴ፥ ሰማያዊ፥ ሐምራዊ ወይም በመካከላቸው ያለ መሆኑ። ሁለተኛው ብሩህነቱ ነው፤ ከጥቁር 0 እስከ ነጭ 10 ይቆጠራል። ሦስተኛው የቀለሙ ጉልበት ነው፤ ፈዛዛ ወይም ደማቅ መሆኑ። ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1905 በመጽሐፍ፥ በ1915 ደግሞ በቀለም አትላስ አወጣ። በ1917 ኩባንያ አቋቁሞ፥ የድካሙን ፍሬ በሙሉ ሳያይ በ1918 ዐረፈ።

የፊት ጥርስ ሲሰበር ሐኪሙ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይተካል፤ ቀለሙ ከጎረቤቶቹ ካልገጠመ ግን የሰውየው ችግር መልኩን ለወጠ እንጂ አልጠፋም። አንዲት ዘመዴ ከሌሎቹ እጅግ የነጣ ጥርስ ስለ ተተከለላት፥ ስትስቅ ነጠላዋን ወደ አፏ ታስጠጋለች።

የጥርስ ቀለም በዓይነቱ በቢጫና በቀላ ቢጫ መካከል በጠባብ ስፍራ ስለሚገኝ፥ ዓይን ከሩቅ ቶሎ የሚይዘው የብሩህነትን ልዩነት ነው። ቪታ የተባለው የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1956 ያወጣው ባለ 16 ናሙና ማመሳከሪያ ጥርሶችን በቀለም ዓይነት የሚከፍል ነበር፤ በ1998 ያወጣው ግን አስቀድሞ ብሩህነትን፥ ቀጥሎ ጉልበትን፥ በመጨረሻ ዓይነትን ያስመርጣል። ሦስቱም መንሰል የለያቸው ናቸው።

ጠንቃቃ ሐኪም ናሙናውን ከጥርሱ ጋር የሚያስተያየው ሥራውን ሳይጀምር ነው፤ የደረቀ ጥርስ ነጥቶ ይታያልና። የከንፈር ቀለም ያስጠርጋል፤ በቀን ብርሃን ያያል፤ ዓይኑ እንዳይደክምም ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ ወደ ግራጫ ነገር ይመለከታል። ዛሬ ይህንኑ የሚለኩ መሣሪያዎች አሉ፤ የሚሰጡት ቁጥርም በእነዚሁ ሦስት ነገሮች ይተረጐማል።

የአፈር ሊቃውንትም የአፈርን ቀለም የሚመዘግቡት በመንሰል ሰንጠረዥ ነው። እንግዲህ ጓደኞቼ፥ የሥዕል ትምህርት ለጨዋታ ብቻ የሚሰጥ ነው የሚል ሰው ቢገጥማችሁ፥ የዚህን መምህር ታሪክ ንገሩት።